ዐጀሚን በኮምፒውተር መጻፍ፦ ስለ አናባቢ ምልክቶች



ባለፈው ክረምት የካ አባዶ በሚገኘው ቤቴ ተቀምጬ፣ ከወሎ የዐጀሚ ጽሑፍ፣ ማለትም በዐረብኛ ፊደል ከተጻፈ አማርኛ፣ ሁለት ገጽ ወደ ኮምፒውተር ገለበጥሁ። በዊንዶውስ ላይ ዐረብኛን መጨመር ቀላል ነው፤ ከቅንብሮች ውስጥ የቋንቋውን ክፍል ከፍቶ ዐረብኛን መምረጥ ይበቃል። በቀኝ በኩል ያሉት ኮንትሮልና ሺፍት አብረው ሲጫኑ አንቀጹ ከቀኝ ወደ ግራ ይዞራል።

ስሕተቴ ሌላ ነበር። እንደ ዐረብኛ ጋዜጣ ተነባቢዎቹን ብቻ ጻፍሁ። የዐረብኛ አንባቢ የጎደለውን አናባቢ ከቋንቋው ልማድ ይሞላዋል። ሲን፣ ባ፣ ራ ብቻ ሲደረደሩ ግን አማርኛው «ሰበረ» ነው ወይስ «ስበር»? ከሳምንት በኋላ የገዛ ቅጂዬን ማንበብ ተሳነኝ፤ ሁለቱንም ገጾች እንደ አዲስ ጀመርሁ።

ስለዚህ ሺፍትን ይዛችሁ ኪው ፈትሓን፣ ኤ ከስራን፣ ኢ ደማን፣ ኤክስ ሱኩንን እንደሚሰጡ ልመዱ። የአጭር አናባቢ ምልክቶቹ ሦስት፣ የአማርኛ አናባቢዎች ግን ሰባት ናቸውና ጸሓፊው ያኖረውን ምልክት «አርማለሁ» ብላችሁ አትለውጡ። «ቸ»ን ለመሰለ ድምፅ የዐረብኛው ሰሌዳ ፊደል የለውም፤ የፋርስኛውን ሰሌዳ ጨምሩ፤ እዚያ ታገኙታላችሁ።