ለላዳችን የትኛው ፓምፕ?

አዘጋጆቹ «ከሥራሽ ውጪ ስለምትወጂው ነገር ተናገሪ» ስላሉኝ፣ ዛሬ ስለ ልብ አላወራም። ስለ ላዳ የውሃ ፓምፕ ነው የማወራው። (ሳቃችሁን ጨርሱ፣ እጠብቃለሁ።)

መኪናዋ ላዳ 2101 ናት። አባቴ ታክሲ እየሠራ ሕክምና ያስተማረኝ በእሷ ነው። ዛሬም ቅዳሜ ቅዳሜ ካልነዳት ቅር ይለዋል። ባለፈው ክረምት ከፊት በኩል ውሃ መንጠባጠብ ጀመረች። ወንድሜ «ትሸጥ» አለ፤ እኔ «ትታከም» አልኩ።

ፓምፑ ከሥሩ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለችው። ጉድለት መስላው የሚደፍናት ሰው አለ። ግን ሆን ተብላ የተበሳች ናት፤ ሲሉ ሲያልቅ ውሃው ኩሽኔታው ውስጥ ከመግባቱ በፊት በእሷ ይወጣል። እሷን መደፈን ትኩሳቱን አብርዶ ኢንፌክሽኑን መተው ነው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቀዝቅዞ፣ ፑሌጃውን በእጄ ነቅነቅ ሳደርገው ተላወሰ። ኩሽኔታውም አልቋል ማለት ነው።

አሮጌውን ፓምፕ በፌስታል ይዤ ሱማሌ ተራ ሄድኩ። አንዱ ሻጭ የፊያት 124 ፓምፕ አውጥቶ «እህቴ፣ ላዳ ማለት ፊያት ናት» አለኝ። ግማሹ እውነት ነው። በ1970 እ.ኤ.አ. ቶሊያቲ ላይ መሠራት የጀመረችው ላዳ ከፊያት 124 የተወሰደች ናት፤ ሞተሯ ግን ካምሻፍቱ ከላይ የሆነ ሌላ ሞተር ነው። ሥጋ ዘመድ ሁሉ ደም አይሰጥም፣ እናውቃለን።

ሁለተኛው አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ርካሽ ነበር። ዋናው ነገር ግን ውሃውን የሚገፋው ክንፍ ነው። ከአሮጌው ጎን ሳስቀምጠው ከስስ ላሜራ የተጠፈጠፈ፣ ጥልቀቱም ያነሰ ነው። እንዲህ ያለው አውራ ጎዳና ላይ ችግሩ ላይታይ ይችላል፤ ሜክሲኮ አደባባይ ተጨናንቃችሁ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር ግን ውሃው በቅጡ አይዘዋወርም። ያኔ የሚጣመመው የአሉሚኒየም ቴስታታው ነው፤ ለእሱ ደግሞ የአባቴ ጡረታ አይበቃም።

የገዛሁት ሦስተኛውን ነው፤ ክንፉ የብረት ቀልጥ፣ ዋጋው እጥፍ። ከመክፈሌ በፊት የዘንጉን ርዝመት በካሊፐር ለካሁ። በ2101 ቬንትሌተሩ የሚታሰረው ፓምፑ ላይ ስለሆነ፣ ዘንጉ ከረዘመ ራዲያተሩን ይነካል፤ ካጠረ ቺንጋው ይጣመማል። ሻጩ «ኢንጂነር ነሽ እንዴ?» አለኝ። ዝም አልኩ፣ ዶክተር ካልኩ ዋጋ ይጨምራል።

አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ክፍት ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ የሚይዘው የራዲያተሩ ክዳን የሚፈጥረው ግፊት ነው። ስለዚህ ጎማው የደረቀ ክዳን አብሮ ይቀየር፤ ከፓምፑ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ምንም አይደለም።

ላዳዋ በር ላይ ቆማለች፣ አባቴም አብሯት አለ። ከምሳ በኋላ ኮፈኑን ከፍቶ ያሳያችኋል፤ ክዳኑን ግን እስክትቀዘቅዝ አትንኩ።