ብረቱን ከማጋላችሁ በፊት ቁጥሩን አንብቡ

ዛሬ ስለ ፕላስቲክ ዕቃ አጠጋገን እንነጋገራለን።

በዓለም ከተማም ሆነ በመርሐ ቤቴ ገጠር የፕላስቲክ ሳፋ ብዙ ሥራ ይሠራል። ታዲያ ጠርዙ ሲሰነጠቅ ምን ይደረጋል? ወይ ይጣላል፣ ወይ በሽቦ ይሰፋል። ሽቦ ደግሞ ይዝጋል፤ እጅም ይቧጭራል። ከዚህ የተሻለ ዘዴ አለ።

ቀጥቃጭ የቢላዋ እጀታ ሲያያይዝ ምስማሩን በቀዳዳው አሳልፎ ጫፉን ይደፈጥጠው የለም እንዴ? በፕላስቲክም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ በመዶሻ ፈንታ ሙቀት መሥራቱ ነው። ፋብሪካዎችም ይጠቀሙበታል። በአንዳንድ ራዲዮኖች ውስጥ ጫፋቸው እንደ እንጉዳይ የተደፈጠጠ ትናንሽ የፕላስቲክ ችካሎች ይታያሉ።

ነገር ግን ብረቱን ከማጋላችሁ በፊት ዕቃውን ገልብጣችሁ ሥሩን እዩ። እ.ኤ.አ. በ1988 በአሜሪካ የተጀመረ ምልክት አለ፤ ይኸውም ሦስት ቀስቶች ሦስት ማዕዘን ሠርተው በመካከላቸው ቁጥር የተጻፈበት ነው። 2 ከሆነ በ130 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል። 5 ከሆነ ከ160 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። 3 ከሆነ ግን ተዉት! ሲቃጠል ሳንባን የሚጎዳ የአሲድ ጭስ ያወጣል። ቁጥር የሌለውንም አታሙቁ። ቤንዚን ወይም ነጭ ጋዝ የነበረበት ዕቃ ባዶ ቢመስልም ውስጡ የቀረው ትነት ሊፈነዳ ይችላልና እሳት አታስጠጉት።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። ሥራው ውጭ፣ ነፋስ ባለበትና ልጆች በማይደርሱበት ይሁን። ቁጥሩ 2 ከሆነ አሮጌ የዘይት ጀሪካን ቁራጭ ቁረጡና በስንጥቁ ላይ ደርቡት፤ ሁለቱንም አንድ ላይ ብሱ። ከዚያው ጀሪካን ቀጭን ችካል አውጡና በቀዳዳው አሳልፉ፤ በሁለቱም በኩል የውፍረቱን አንድ ተኩል ያህል ይትረፍ። ብረቱን አሙቁ፤ ፍም እስኪመስል ግን አይቅላ። አስቀድማችሁ በማይፈለግ ቁራጭ ሞክሩት፤ ከጨሰ ሙቀቱ በዝቷል። የችካሉን ጫፍ በዝግታ ተጫኑት። ተደፍጥጦ ሲሰፋ ትኩሱን ብረት አንሡና እስኪጠነክር ድረስ በቀዝቃዛ ብረት ያዙት። ሌላውንም ጫፍ እንዲሁ አድርጉ።

አንድ ነገር አትርሱ፤ ችካል ጨምድዶ ይይዛል እንጂ ውሃ አያግድም። ስለዚህ ለጠርዝና ለክዳን እንጂ ለሚያፈስ ጀሪካን አይሆንም። ፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት ጀሪካን ደግሞ ቢጠገንም ባይጠገንም ውሃ አይቀዳበትም።

በሉ እንግዲህ፣ ቤት ያለውን ዕቃ እየገለበጣችሁ ቁጥሩን አንብቡ። ማንበብ ላልቻለ ጎረቤትም አንብቡለት። ደኅና ሰንብቱ።