ዕቅድና መንገድ፤ ስለ ሮቦቶች ሥራ የተደረገ ንግግር



እኛ መምህራን ዕቅድ ጽፈን ወደ ክፍል የምንገባ ሰዎች ነን። ስለዚህ ዛሬ ስለ ሮቦት ብናገር ከሙያችን የራቅሁ አይምሰላችሁ፤ ሮቦትም ከመንቀሳቀሱ አስቀድሞ ያቅዳልና።

የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። ከ1966 እስከ 1972 በካሊፎርኒያ፣ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም፣ ሼኪ በተባለ ሮቦት ላይ ምርምር ይደረግ ነበር። ስሙም «ተንቀጥቃጩ» ማለት ነው፤ ሲሄድ ይንቀጠቀጥ ነበርና። በ1971 ሪቻርድ ፋይክስና ኒልስ ኒልሰን ያቀረቡት የማቀጃ ዘዴ ይህ ነው፦ ለእያንዳንዱ ተግባር፣ ከመሠራቱ በፊት ሊሟላ የሚገባውና ከተሠራ በኋላ የሚለወጠው ነገር ይጻፍለታል፤ ኮምፒዩተሩም ከእነዚህ እየመረጠ ወደ ግቡ የሚያደርሰውን ቅደም ተከተል ያወጣል። ሳጥን ለመግፋት አስቀድሞ ሳጥኑ ዘንድ መድረስ ያስፈልጋል እንደ ማለት ነው።

ሆኖም ሼኪ የሠራው ሆን ተብሎ በተዘጋጁለት ክፍሎች ውስጥ ነበር። ሮቦት ወደ እውነተኛው ዓለም ሲወጣ ሦስት ችግሮች ይነሣሉ። አንደኛው የምርጫ ብዛት ነው፤ በየእርምጃው 10 ምርጫ ቢኖር፣ በ10 እርምጃ ውስጥ 10,000,000,000 ልዩ ልዩ አካሄድ ይገኛል። ሁለተኛው የዕውቀት ጕድለት ነው፤ ካሜራ ከተዘጋ በር ኋላ ያለውን አያይም። ሦስተኛው ተግባር እንደ ታሰበው አለመፈጸሙ ነው፤ ጎማ ይንሸራተታል፣ የተያዘ ዕቃ ይወድቃል፣ ባዶ በነበረው መንገድ ሰው ብቅ ይላል።

በማርች 2004 በአሜሪካ፣ በሞሃቪ በረሓ፣ ነጂ የሌላቸው መኪናዎች ለውድድር ተነሡ። የሚሄዱበት መስመር በነጥብ በነጥብ ተሰጥቷቸው ነበር፤ ዳሩ ግን 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሚሆነው መንገድ ከሁሉ የራቀው 12 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሄዶ ቀረ። በ2005 ግን፣ በሌላ የበረሓ መስመር፣ 5 መኪናዎች እስከ መጨረሻው ደረሱ። አንደኛ የወጣው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ስታንሊ መሬቱን በሌዘር ጨረርና በካሜራ እየመረመረ፣ አቅጣጫውንና ፍጥነቱን ያለማቋረጥ እያረመ ነበር የተጓዘው።

ታዲያ ተመራማሪዎችን እስከ ዛሬ የሚያደክማቸው ጥያቄ ይህ ነው፦ ዕቅድ መቼ ይጠበቅ፣ መቼስ ይለወጥ? ዘወትር ቆሞ የሚያስብ ሮቦት ሥራ አይፈጽምም፤ ፈጽሞ ቆሞ የማያይ ደግሞ ገደል ይገባል።

ይህን ሳነብ አንድ ጥፋቴ ትዝ አለኝ። የማስተማር ልምምድ ስመለከት፣ አንድ ዕጩ መምህር ልጆቹ ማካፈልን ገና እንዳላወቁ ተረድቶ፣ ስለ ክፍልፋይ የጻፈውን ዕቅድ አቈይቶ ወደ ማካፈል ተመለሰ። እኔም «ዕቅዱን አልጠበቀም» ብዬ ማርክ ቀነስሁበት። እርሱ ልጆቹን ሲያይ፣ እኔ ወረቀቱን አይ ነበር።

ስለሆነም በመመዘኛ ቅጻችን ላይ «ዕቅዱን ጠብቋልን?» ከሚለው ጥያቄ አጠገብ «የለወጠስ ምን አይቶ ነው?» የሚል እንዲጨመርበት ይህን ጉባኤ በትሕትና እጠይቃለሁ።