መጥቶ ስለሚሄደው የሕፃናት የደም ሕመም
(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገርበት ሕመም ዳውን ሲንድረም ይዟቸው ከሚወለዱት ሕፃናት ከ10 በአንዱ ያህል ላይ የሚታይ ነው። መልኩ ሉኪሚያ የሚባለውን የደም ነቀርሳ ይመስላል፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለ መድኃኒት በራሱ ይጠፋል።

ዳውን ሲንድረም በእናት ወይም በአባት ጥፋት የሚመጣ አይደለም። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ላንግደን ዳውን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1866 ስለ ልጆቹ ሁኔታ ጽፏል፤ ምክንያቱ ግን የታወቀው በ1959 በፈረንሳይ አገር 21ኛው ክሮሞሶም ሁለት መሆን ሲገባው ሦስት ሆኖ በተገኘ ጊዜ ነው። ፅንሱ በማኅፀን ሳለ ደሙ በብዛት የሚሠራው በጉበቱ ነው። በዚያን ጊዜ በትርፉ ክሮሞሶም ላይ ጋታ አንድ በሚባለው ዘረመል ስሕተት ቢጨመር፥ ያልበሰሉ የደም ሕዋሳት ያለ ልክ ይራባሉ።  ልጁ ተወልዶ ደም የመሥራቱ ተግባር ወደ መቅኔ ሲዛወር ሕዋሳቱ እየመነመኑ ሄደው በ3 ወር ገደማ ይጠፋሉ። ወንዱ በ40፥ ሴቲቱ በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉና፥ የክርስትናው ድግስ ሲደርስ ሕመሙም ብዙውን ጊዜ ወደ ማለቁ ነው።

ምልክቱ የሆድ መነፋት፥ የጉበት ማበጥ፥ የዐይን ቢጫ መሆንና የቆዳ ሽፍታ ነው፤ ምንም ምልክት የማያሳይም አለ። ቢጫነቱን አይቶ «የወፍ በሽታ ነው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። በመስተዋት ላይ የተቀባ አንድ ጠብታ ደም በማይክሮስኮፕ ቢታይ ግን ያልበሰሉት ሕዋሳት ይታያሉ። ያን ጊዜ ለእናቲቱ «ልጅሽ የደም ነቀርሳ ይዞታል፥ ተስፋ የለውም» ማለት ትልቅ ስሕተት ነው። እርግጥ ጉበቱ እጅግ የተጎዳ፥ ውሃ የቋጠረ ወይም መተንፈስ የቸገረው ሕፃን ሊሞት ይችላልና፥ ሲታራቢን የሚባለው መድኃኒት በጥቂቱ ይሰጠዋል። የቀሩት በጥንቃቄ ይጠበቃሉ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ልጁ ከዳነ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ከዳኑት ከአምስቱ አንዱ ያህል አራት ዓመት ሳይሞላው እውነተኛው ሉኪሚያ ይይዘዋል። ይህኛው በራሱ አይሄድም፤ በጊዜው ከተደረሰበት ግን እነዚህ ልጆች ለመድኃኒቱ ከሌሎች ልጆች የተሻለ ይመልሳሉና አብዛኞቹ ይድናሉ። ስለዚህ እስከ አራት ዓመት ድረስ፥ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በየሦስት ወሩ፥ ደማቸው ሊቈጠር ይገባል።

እንግዲህ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ዘውድ በጫኑባት በደረስጌ ያለችውን እናት እናስብ። ተራራውን ተሻግራ ደባርቅ መድረስ አለባት፤ ከደባርቅ በዳባት በኩል እስከ ጎንደር ሆስፒታል ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጡት የሚጠባ፥ የሚስቅ፥ የወፈረ ልጅ አዝላ ይህን ሁሉ መንገድ «ለምን?» ብትል አይፈረድባትም። ምክንያቱን ከሆስፒታል ስትወጣ በሚገባት ቃል ሊነግሯት፥ የሕመሙን ስምና የቀጠሮውንም ቀን በወረቀት ጽፈው ሊሰጧት ይገባል፤ ወረቀቱን የሚያየው የቀበሌዋ ጤና ኬላ ሠራተኛ ያስታውሳታልና። ልጁ ቢገረጣ፥ ቆዳው ያለ ምክንያት ቢበልዝ፥ ድዱ ወይም አፍንጫው ቢደማ፥ ወይም ትኩሳት ቢመላለስበት ግን ቀጠሮውን ሳትጠብቅ በዚያው ሳምንት ትውሰደው።