ሳጥኑ ያልተከፈተበት ቀን
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ አንዲት አባላችን ያደረጉት ንግግር፣ ደብረ ማርቆስ፣ 2018 ዓ.ም.)



ሰብሳቢያችን «የልጅሽን የአሜሪካ ነገር ንገሪን» ስትለኝ መጀመሪያ እንቢ ብያት ነበር። ልጄ አሜሪካ አልሄደችም፤ ምን ብዬ ልናገር? እሷ ግን «ያልሄደችበትን ነው ንገሪን የምልሽ፤ ዘንድሮ ሦስት የአባል ልጆች ሊሞክሩ ነው» አለችኝ። ስለዚህ ቆሜያለሁ።

እኔን የማታውቁኝ እንግዶች እንድታውቁኝ፣ እንጀራ ጋግሬ ለሁለት ምግብ ቤቶች አስረክባለሁ። ባለቤቴ ካረፈ ቆይቷል። ሉማሜ አካባቢ ያለችውን ሁለት ቃዳ መሬት ለእኩል አራሽ ሰጥቻለሁ። ያለኝ ይኸው ነው።

ልጄ አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለች ነው «እማዬ፣ አሜሪካ ላመልክት» ያለችኝ። በዓመት ከ80 ሺህ ዶላር በላይ የሚያስከፍሉ ኮሌጆች ስም ስትጠራልኝ ሳቅሁባት። እሷ ግን አስቀምጣ አስረዳችኝ። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤም.አይ.ቲ.፣ አምኸርስት፣ ዳርትመዝና ቦውዲን የሚባሉት፣ ከውጭ አገር የሚያመለክተውን ልጅ ሲመርጡ የቤተሰቡን ኪስ አያዩም። ከተቀበሉት በኋላ ደግሞ ቤተሰቡ የማይችለውን ሁሉ ራሳቸው ይሞላሉ።

ይህን ከየት አመጡት ስላት በእኛው ሳጥን አስመስላ ነገረችኝ። የቀደሙ ሰዎች የሰጡትን ገንዘብ ዋናውን ሳይነኩ ያስቀምጡታል፤ ትርፉን በየዓመቱ ያወጡታል። የሃርቫርድ ሳጥን ከ50 ቢሊዮን ዶላር በላይ አለው። ስለዚህ ዋጋው እጅግ የከበደው ትምህርት ቤት፣ ለገባለት ድሃ ልጅ ከሁሉ የረከሰ ሊሆን ይችላል። የሚከብደው መግባቱ ነው። ሃርቫርድ ከ100 አመልካቾች የሚቀበለው 4 ያህሉን ብቻ ነው። ከእነዚህ ጥቂቶች ውጭ ያሉት አብዛኞቹ ኮሌጆች ደግሞ ገና ሲመርጡ «ይህች ልጅ ስንት ገንዘብ ትፈልጋለች?» ብለው ያያሉ። ይህን ልዩነት እኔ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ እናንተ ዛሬውኑ እወቁት።

ወሬው ሲሰማ አንድ ደላላ ቤቴ ድረስ መጣ። «60 ሺህ ብር ስጡኝ፣ ሙሉ ስኮላርሺፕ አስጨርሳለሁ፤ የባንክ ሒሳብ መግለጫም አዘጋጃለሁ» አለ። አንዲት ጎረቤቴ ደግሞ በተቃራኒው «መሬቷን አትጻፊ፣ ምንም የለኝም በይ» አለችኝ። አንዱ ከፍ አድርጊ፣ አንዷ ዝቅ አድርጊ ይሉኛል። እኔ ሁለቱንም አልሰማሁም። መግቢያን የሚሸጥ ሰው የለም፤ የሚሰጠው ኮሌጁ ብቻ ነው። ምክር ለሚፈልግ በአሜሪካ መንግሥት የሚደገፈው ኤዱኬሽን ዩ.ኤስ.ኤ. አለ፤ የሚመክረው በነጻ ነው። ሐሰት የተጻፈበት ወረቀት ደግሞ ዛሬ ቢያልፍ ነገ ቪዛ ላይ ወይም ትምህርቱ መሀል ላይ ይይዛል።

ያመለከተችው በ2016 ዓ.ም. ነበር። በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት የተቋረጠበትን ያን ጊዜ ሁላችሁም ታስታውሱታላችሁ። መንገዱ ሲከፈት ጠብቀን፣ ዓባይን አሻግረን አዲስ አበባ አክስቷ ዘንድ ላክናት። ማመልከቻውን የሞላችው እዚያ ሆና ነው። ስለ ቤታችን የሚጠይቀውን ሲ.ኤስ.ኤስ. ፕሮፋይል የሚባለውን ቅጽ ግን የሞላነው በስልክ፣ ሁለታችን ሆነን ነው።

«እማዬ፣ በዓመት ስንት እናገኛለን?» ትለኛለች። እኔ እንዲህ ተብዬ ተጠይቄ አላውቅም። «እማዬ፣ መኪና አለን?» «አንድ አህያ ነበረችን፣ እሷንም ሸጠናል በያቸው።» «የደመወዝ ማረጋገጫሽን ላኪ ይላሉ።» እኔን ማን ደመወዝ ይከፍለኛል?

ያን ጊዜ ነው የማኅበራችንን የቁጠባ ደብተር ያወጣሁት። በየሳምንቱ ያስገባሁት፣ የተበደርሁት፣ የመለስሁት፣ ሁሉም ከነቀኑ ተጽፎበታል። ገጽ በገጽ አነበብሁላት። የጤፍ፣ የመብራትና የማገዶ ወጪ ሲቀነስ የሚተርፈኝን በዚያው አወጣነው። ሰብሳቢያችንና ጸሐፊያችን ደብተሩ ትክክል ስለመሆኑ በማኅተም ደብዳቤ ጻፉልኝ፤ ቀበሌው ስለ መሬቱ ጻፈ። እህቶቼ፣ ያች ደብተር ወረቀት ለሌላት ሴት ወረቀት ሆነቻት። ገንዘብ ያዥዋ ስማችሁን ስትጠራ አትሰላቹ።

«በዓመት ስንት ትችላላችሁ?» ለሚለው 300 ዶላር ብለን ጻፍን። በጊዜው ምንዛሬ 17 ሺህ ብር ገደማ ነበር። ከዚያ በላይ ብል ውሸት ይሆን ነበር።

መልሱ በመጋቢት መጨረሻ መጣ። ካመለከተችባቸው ዘጠኝ ኮሌጆች ስምንቱ አልተቀበሏትም። አንዱ ግን ተቀበላት፤ አብዛኛውንም ወጪ እሸፍናለሁ አለ። ቤታችን እልል አልን። ልጄ ደብዳቤውን ደግማ ስታነበው ከታች አንድ መስመር ነበር። ቤተሰቡ በየዓመቱ 11 ሺህ ዶላር ይጨምራል ይላል። ከ600 ሺህ ብር በላይ ማለት ነው፤ ለዚያውም ለአራት ዓመት።

የተቆጣጠርነውን ሰነድ ሁሉ አያይዘን እንደገና እንዲያዩልን ጻፍን። በትሕትና መለሱልን፤ ከዚህ በላይ አንችልም አሉ። መልስ የሚሰጥበት የመጨረሻ ቀን ሚያዝያ 23 ነበር።

በዚያ ሳምንት እናንተ ያደረጋችሁትን አልረሳም። ከመካከላችሁ ስድስት ሆናችሁ ቤቴ መጣችሁ። «ሳጥኑን እንክፈት። የመጀመሪያውን ዓመት እኛ እንክፈል፤ ከዚያ በኋላ እግዜር ያውቃል» አላችሁኝ። አንዷ የበሬዋን ዋጋ ልትጨምር ነበር። እኔ አለቀስሁና እንቢ አልሁ።

እንቢ ያልሁት ልጄን ሳልወዳት ቀርቶ አይደለም። የመጀመሪያው ዓመት ቢከፈል ሁለተኛውን ማን ይከፍላል? ልጄ ባሕር ማዶ መሀል ላይ ብትቀር፣ የእናንተ የወለድ፣ የዘር መግዣ፣ የመውለጃ ገንዘብ አብሯት ይቀራል። ልጄም ሌሊቱን አልቅሳ፣ ጠዋት ተነሥታ የአልመጣም ደብዳቤውን በራሷ እጅ ጻፈች።

ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ሳጥኑን ከፍተን ቢሆን ኖሮ የሚቀጥለው ክፍያ እጥፍ ሆኖ ይጠብቀን ነበር። እኔ ግን ይህን አውቄ አይደለም እንቢ ያልሁት፤ አዋቂ ነበረች እንዳትሉኝ። አሁንም አንዳንድ ሌሊት «ልክ ሠርቼ ይሆን?» እላለሁ።

ልጄ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና አለፈች። በዚያ ዓመት በመላ አገሪቱ ያለፉት ከ100 ተፈታኞች 5 ያህሉ ነበሩ። ዛሬ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ናት። ለአሜሪካ ብላ ያጠናችው እንግሊዝኛና ሒሳብ አልጠፋም።

አሁን ስለ ሦስቱ ልጆች ልናገር። «ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባላልና ያመልክቱ። ነገር ግን ከእኛ ስሕተት ይማሩ። እኛ ከዘጠኙ ስድስቱን የመረጥነው ስማቸውን ሰምተን ነው። ከማመልከታቸው በፊት ለውጭ ተማሪ ሙሉውን ይሞሉ እንደሆነ ለየኮሌጁ ጽፈው ይጠይቁ። የማመልከቻ ክፍያ እንዲቀርላቸው ይጠይቁ፤ ለቅጹ መክፈል ካልቻሉም በነጻ የሚሞላ ሌላ ቅጽ የሚቀበሉ ብዙ ኮሌጆች አሉ። ቀኑንም በእኛ አቆጣጠር ግድግዳ ላይ ይለጥፉት። ቀድመው ለሚያመለክቱ ብዙ ጊዜ ጥቅምት 22፣ ለሌሎቹ ታኅሣሥ 23 አካባቢ ነው። የአገራችንን ፈተና ደግሞ አንድ ቀን እንኳ ቸል አይበሉ።

ከማኅበራችን የምጠይቀው የኮሌጅ ክፍያ አይደለም። እሱ የባለ ትልቁ ሳጥን ድርሻ ነው። የእኛ ድርሻ ትንንሹ ነው፤ ብዙ ልጅ የሚቀረውም በትንንሹ ነው። ፓስፖርት፣ አዲስ አበባ ሄዶ መፈተኛ፣ የደብተር ማረጋገጫ ደብዳቤ። ተቀብለው ሙሉውን ለሰጧት ልጅ እንኳ ለቪዛው 185 ዶላር፣ ለተማሪ ምዝገባው 350 ዶላር ያስፈልጋል። ለዚህ የሚሆን በብድር የሚሰጥና የሚመለስ አነስተኛ ፈንድ እንዲቋቋም ለጉባኤው ሐሳብ አቀርባለሁ።

ደጋፊዎቻችን ሆይ፣ ከእናንተ የምንለምነው ሁለት ኮምፒውተርና በሳምንት ጥቂት ሰዓት የሚሠራ ኢንተርኔት ነው። የኤስ.ኤ.ቲ. ፈተና ከ2023 ጀምሮ በኮምፒውተር ነው የሚሰጠው፤ ልጆቻችን መዳፊት የነኩበት ጊዜ በጣት ይቆጠራል። በክልላችን ደብረ ብርሃን ላይ ሃይሌ-ማናስ አካዳሚ ልጆችን ለእንዲህ ዓይነቱ ውድድር እያዘጋጀ ነው። የእኛዎቹ ያላቸው እኛን ነው።

ልጄ ለፋሲካ ስትመጣ ከሦስቱ ጋር ተቀምጣ የቤተሰብ ቅጽ አሞላል ታሳያቸዋለች። እናቶቻቸውም ይምጡ፤ ደብተራችሁን ይዛችሁ ኑ።