ለሽርሽር ስንወሰድ የራሳችንን ልብስ መቼ እንጠብ?

(በዓርቡ የማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)

ሰብሳቢያችን "አሥር ደቂቃ ተናገሪ" ስትለኝ ስለ ደመወዝ ወይም ስለ ሐዋላ የማወራ መስሏት ነበር። እኔ ግን የመጣሁት ስለ ልብስ አጠባ ልናገር ነው። አትሳቁ። ስለ ሰው ልብስ አይደለም፣ እሱንማ ሁላችንም እንችልበታለን። ስለ ራሳችን ልብስ ነው፤ ያውም ማዳም ለሽርሽር ይዛን ስትወጣ።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ጥር ነው። አሠሪዎቼ ከኮበር በመኪና ተነስተው በሰልዋ በኩል ዶሃ ገቡ፣ ከዚያ በመርከብ የሰባት ሌሊት ጉዞ ወጡ። እኔም ሁለቱን ልጆች ልይዝ ኹሩጅ ዓውዳ ተሠርቶልኝ አብሬ ሄድኩ። ጓደኞቼ "አንቺማ አለፈልሽ፣ በመርከብ ልትንሸራሸሪ" አሉኝ። ብዋሽ ምን ይጠቅመኛል፣ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ባሕርን ከኮርኒሽ ላይ ቆሜ ከማየቱ በቀር ወጥቼበት አላውቅም።

መኪናው በልጆቹ ጋሪና በሻንጣ ሞላ። ማዳም "አንቺ ትንሽ ቦርሳ ያዢ" አለችኝ። ሁለት ጀላቢያ፣ አንድ ዩኒፎርም፣ አንድ አባያ፣ አራት የውስጥ ልብስ ያዝኩ። ለሰባት ሌሊት ነው እንግዲህ። ልጅ የያዘ ሰው ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ጠዋት የለበሰው ከምሳ በኋላ ወይ ወተት ወይ ማንጎ ፈሶበት ነው የሚገኘው።

ካቢኑ ውስጥ አንድ ከረጢትና አንድ ወረቀት ተቀምጧል። ወረቀቱ ላይ ሸሚዝ ይህን ያህል፣ ሱሪ ይህን ያህል፣ ካልሲ ሳይቀር ዋጋው ተጽፏል። በሁለተኛው ቀን ማዳም የልጆቹንና የባባን ልብስ ቆጥራ ከተተች። የኔን አልጠየቀችኝም፣ እኔም አላነሳሁም። ክፉ ሰው ሆና አይደለም። ቤት ውስጥም ቢሆን የኔ ልብስ መቼ እንደሚታጠብ ጠይቃኝ አታውቅም፤ ሁልጊዜ ንጹሕ ሆኖ ስለምታየው በራሱ የሚታጠብ ይመስላታል መሰለኝ።

አንዳንድ መርከብ ላይ ተሳፋሪው ከፍሎ ራሱ የሚያጥብበት ገሳላ አለ ይባላል። የኛ ላይ አልነበረም። ካውያ ደግሞ እሳት ያስነሳል ተብሎ ክልክል ነው። የቀረኝ የካቢኑ የእጅ መታጠቢያ ነው፣ እሱም ከአንድ የቡና ረከቦት አይሰፋም። ልጆቹ ከኔ ጋር ስለሚተኙ እንቅልፍ እስኪወስዳቸው ጠብቄ፣ እኩለ ሌሊት ላይ በሩን ዘግቼ፣ ውሃው እንዳይሰማ ቀስ እያልኩ በፀጉር ሻምፑ አጠብኩ። ኦሞ አልያዝኩማ። ጨምቄ በሩ ላይ ሰቀልኩት። መታጠቢያ ቤቱ መስኮት የለውም፣ ጠዋት ስነሳ እንደረጠበ ነው። ሌላ ስለሌለኝ እርጥቡን ለበስኩት። በሦስተኛው ቀን ሸተተ።

እዚህ ላይ አላስረዝምም። ትልቋ ልጅ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ምግብ ቤቱ ውስጥ፣ ሰው በተቀመጠበት አፍንጫዋን ይዛ ተናገረች። ማዳም ደነገጠችና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "አትታጠቢም እንዴ?" አለችኝ። ሰባት ዓመት አረብ ቤት ስሠራ ብዙ ነገር ተብያለሁ፣ እንደዚያች ቃል የገባችብኝ ግን የለችም። ሰባት ዓመት ሙሉ የሰው ልብስ ሳጥብ ኖሬ እኔ ሸተትኩ።

ያን ሌሊት የመጣብኝ የአገሬ ወንዝ ነው። ያደግሁት ኮምቦልቻ አጠገብ ነው። እኛ ዘንድ ልብስ ማጠብ የራሱ ቀን ነበረው። እናቴ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ቀጠሮ ይዛ በጠዋት ቦርከና ትወርዳለች፣ እኔም እከተላለሁ። ድንጋይ ላይ ይታሻል፣ ቁጥቋጦ ላይ ይሰጣል፣ እስኪደርቅ ቆሎ እየተበላ ወሬ ነው። ሳሙና ሲወደድ እንዶድ ይወቀጣል። በነገራችን ላይ ዶክተር አክሊሉ ለማ የእንዶድን ነገር ያገኙት ዓድዋ ላይ ነው፣ በፈረንጆች 1964። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ትምህርት ቤት ይሄን ስንማር እነዚያ ሴቶች ያን ቀን ባያጥቡ ዶክተሩ ምን ያዩ ነበር ብዬ አስብ ነበር። ብቻ ያ ቀን የሴቶቹ ቀን ነበር። ተደብቆ፣ ሌሊት፣ በሻምፑ የሚታጠብ ልብስ አላውቅም ነበር።

በአራተኛው ቀን ካቢናችንን የሚያጸዳው ፊሊፒኖ ልጅ እርጥቡን ልብስ በሩ ላይ አየው። ምንም ሳይል ገባና ከመታጠቢያው ግድግዳ ላይ እንደ ክብ ቁልፍ ያለች ነገር ያዝ አድርጎ ጎተተ። ገመድ ወጣ! ሦስት ሌሊት ሙሉ አጠገቧ ቆሜ ሳጥብ አላየኋትም። ከዚያ ደረቅ ፎጣ ዘረጋና ጀላቢያዬን እላዩ ላይ አድርጎ እንደ ምንጣፍ ጠቀለለው፣ በጉልበቱም ተጫነው። ውሃውን ፎጣው ጠጣው። ሌሊቱን ገመዱ ላይ አድሮ ደረቀልኝ።

በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ "እናንተስ የት ታጥባላችሁ?" አልኩት። ታች የሠራተኞች ገሳላ አለን፣ ፈረቃ ሲያልቅ እንወርዳለን አለኝ። ይሄ ነገር ውስጤ ቀረ። እሱ ሠራተኛ ስለሆነ ገሳላ አለው። ተሳፋሪው እንግዳ ስለሆነ ከረጢት አለው። እኔ በወረቀቱ ተሳፋሪ ነኝ፣ ሥራዬ ግን የሠራተኛ ነው፣ ስለዚህ ገሳላውም ከረጢቱም አልደረሰኝም።

በመጨረሻ መርከቡ ባህሬን ቆመ። ቤተሰቡ ወረደ፣ እኔ ትንሹ ልጅ ተኝቶብኝ ቀረሁ። ከኮበር ባህሬን እኮ በድልድዩ 25 ኪሎ ሜትር ነው! ዞረን ዞረን በራፋችን ላይ መጥተን ቆምን ብዬ ብቻዬን ሳቅኩ። በዚያች ሁለት ሰዓት ያለኝን ልብስ በሙሉ በቀን ብርሃን አጠብኩ።

አሁን ለሚወጡት የምመክረው ይሄን ነው። ሃፍ ሙን ባሕር ዳርቻ ሻሌ ለሁለት ቀን ብትሄዱም፣ ውጭ አገር ብትሄዱም፣ ከምንም በፊት የውስጥ ልብስ አብዙ፤ ቦታ አይዝም። ወፍራም የጥጥ ጀላቢያ በአንድ ሌሊት አይደርቅም፣ ስስና ጠቆር ያለ ያዙ። አንድ ደረቅ ሳሙና በላስቲክ ጠቅልላችሁ ክተቱ። የወር አበባ የነካውን መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ነው፣ በሙቅ ከሆነ ደሙ ይይዛል። ቀለም የሚለቅ ልብስ በሆቴል ነጭ ፎጣ እንዳትጠቀልሉ፣ ፎጣውን ያስከፍሏችኋል። አብሃ በክረምት ዝናብና ብርድ ነው፣ እዚህ ኮበርና ደማም ደግሞ በነሐሴ አየሩ ራሱ ውሃ ነው፤ ሁለቱም ጋ ውጭ ሰጥቶ መተማመን የለም። ክሎሮክስን ደግሞ ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር በፍጹም እንዳትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው፣ መስኮት በሌለው ክፍል ሰው ይጥላል።

ከሳሙናው የሚበልጠው ግን ሳይወጡ መናገር ነው። ሐምሌ ላይ አብሃ ሊሄዱ ሲነሱ ሻንጣ ከመታሰሩ በፊት ማዳምን አናገርኳት። "በመርከቡ ጊዜ የሆነው እንዳይደገም አምስት ቅያሬ ልያዝ፣ በሁለት ቀን አንዴም ልጆቹ ከሰዓት ሲተኙ አንድ ሰዓት ስጪኝ፣ ልብሴን ላጥብ" አልኳት። ዝም አለች። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ለአንድ ሰዓት! ከዚያ "ያን ጊዜ ለምን አልነገርሽኝም?" አለችኝ። ቦርሳውን ፈቀደች። ሰዓቱን አንዳንድ ቀን ሰጠችኝ፣ አንዳንድ ቀን እንግዳ መጣ። የተከራዩት ቤት ገሳላ ነበረው፣ "ያንቺን ለብቻው እጠቢ" አለችኝ። ይሄ የሚያናድዳችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔንም ያናድደኝ ነበር። አሁን ግን ለብቻው መታጠቡ ሳይሆን ጨርሶ አለመታጠቡ ነው የሚያሳስበኝ።

አንዷ እህታችን "ለምን ትለምኛታለሽ፣ መብትሽ አይደለም ወይ?" ብላኛለች። ልክ ናት። በፈረንጆች 2013 የወጣው የቤት ሠራተኞች ደንብም በሳምንት የዕረፍት ቀን ይሰጥ ነበር፤ ከጥቅምት 2024 የጀመረው አዲሱ ደግሞ የቀን ሥራው ከ10 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ በሳምንትም ተከታታይ 24 ሰዓት ዕረፍት እንዲኖር ይላል። ሽርሽር ላይ ግን ቀኑ መቼ እንደሚጀምር መቼ እንደሚያልቅ ማንም አይቆጥርም። መርከቡ ላይ ዓርብ መቼ እንዳለፈ እኔም አላወቅኩ። ለዚህ ነው ሳትወጡ ተናገሩ የምለው፣ ቢያንስ የምትቆጥሩት ሰዓት ይኖራችኋል።

ደማም ሲኮ ገበያ ሄጄ የጉዞ ገመድ ከመቆንጠጫ ጋር ሦስት ገዝቻለሁ። አንዱ አሁን ከአንዷ እህታችን ጋር ጣኢፍ ነው፣ ሁለቱ እኔ ጋ ናቸው። ከአሠሪ ጋር የምትወጡ ከሐሙስ በፊት ንገሩኝ፣ በሹፌር እልክላችኋለሁ። መቆንጠጫውን ግን ቆጥራችሁ መልሱ፤ ባለፈው 12 ሰጥቼ 9 ነው የተመለሰልኝ።