ስለ አንጎልና ስለ ዘር ውርስ

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር



«ዘር ከልጓም ይስባል» ይላሉ አባቶቻችን። ልጅ በመልኩም በጠባዩም ወደ ወላጆቹ እንደሚያደላ ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን ይህ አባባል ወደ ትምህርት ቤት ሲገባ አንዳንድ ጊዜ ጉዳት ያመጣል። አንዱ ተማሪ «ለሒሳብ የሚሆን ጭንቅላት አልተፈጠረልኝም» ብሎ ደብተሩን ይዘጋል፤ ሌላው ደግሞ «የእገሌ ልጅ ነኝና ባላጠናም አልወድቅም» ብሎ ይኰራል። ስለዚህ በዘር የምንወርሰው ነገር በአንጎላችን ቅርጽ ላይ ምን ያህል ሥልጣን እንዳለው፣ ሊቃውንት የደረሱበትን ባጭሩ ልገልጽላችሁ እወዳለሁ።

ከወላጆቻችን የምንወርሰው ጽሑፍ ዲ.ኤን.ኤ. ይባላል። ከአንዱ ወላጅ የምንቀበለው ቅጂ ብቻ 3 ቢሊዮን ያህል ፊደላት አሉት። ዝምድና የሌላቸው ሁለት ሰዎች ቢነጻጸሩ፣ ከ1,000 ፊደላት የሚለያዩት በአማካይ በአንዱ ያህል ነው። ብዙው ልዩነት በሽታ አይደለም። ሁለት ጸሐፊዎች አንድ መጽሐፍ ሲገለብጡ፣ አንዱ «ፀሐይ»፣ ሌላው «ጸሀይ» ብሎ እንደሚጽፍ ያለ ነው፤ በጤነኞች ሰዎች ሁሉ ዘንድ ይገኛል።

ታዲያ ይህ ልዩነት በአንጎል ላይ ይታያልን? አዎን፣ ይታያል። ኤም.አር.አይ. የተባለው መሣሪያ በማግኔትና በራዲዮ ሞገድ፣ የራስ ቅል ሳይከፈት፣ የአንጎልን ሥዕል ያነሣል። በዚህ መሣሪያ መንትዮች ሲመረመሩ፣ ፍጹም የሚመሳሰሉት መንትዮች የአንጎላቸው መጠን ከሌሎቹ መንትዮች ይልቅ በጣም ተቀራርቦ ተገኝቷል። ስለዚህ ውርስ ትልቅ ድርሻ እንዳለው አይካድም።

ይሁን እንጂ ይህን የሚያደርገው የትኛው ፊደል ነው? ይህን ለመፈለግ የብዙ አገር ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2009 ኤኒግማ በተባለ ማኅበር ተባበሩ፤ ትርጓሜውም እንቆቅልሽ ማለት ነው። በ2012 ኤች.ኤም.ጂ.ኤ.2 ከተባለው ጂን አጠገብ ያለ አንድ የፊደል ልዩነት ከራስ ቅል ውስጣዊ መጠን ጋር እንደሚዛመድ አስታወቁ። ነገር ግን የዚያ ፊደል አንድ ቅጂ የሚያመጣው ለውጥ ከመቶ 1 እንኳ አይሞላም። በ2020 ደግሞ ከ51,000 የሚበልጡ ሰዎች ሥዕል ተመርምሮ፣ የአንጎልን የላይኛውን ሽፋን ስፋትና ውፍረት የሚነኩ 199 ቦታዎች ተገለጡ። የእያንዳንዱ ኃይል ግን ጥቂት ነው። እንግዲህ ብዙ ጠብታ ተጠራቅሞ ወንዝ እንደሚሆን፣ የአንጎልም ውርስ ከብዙ ጥቃቅን ልዩነቶች ድምር የሚገኝ እንጂ «የጉብዝና ጂን» የሚባል አንድ ነገር የለም።

በተጨማሪም የተመረመሩት ሰዎች አብዛኞቹ የአውሮፓ ተወላጆች ናቸው። በዲ.ኤን.ኤ. ልዩነት ግን ከሁሉ የሚበልጠው የአፍሪካ ሕዝብ ነው። ስለዚህ ገና ያልተነበበው ብዙ ነው፤ ምናልባት ከመካከላችን አንዱ ያነበው ይሆናል።

አሁን ወደ ትምህርት ልመለስ። በለንደን ከተማ የታክሲ ነጂ ለመሆን የሚፈልግ ሰው 25,000 የሚያህሉ መንገዶችን በቃሉ አጥንቶ መፈተን አለበት። ሊቃውንት 79 ተማሪ ነጂዎችን ከጥናታቸው በፊት፣ ከእነርሱም አብዛኞቹን ከጥናቱ በኋላ እንደገና በኤም.አር.አይ. መረመሩ። በመጀመሪያ በአንጎላቸው መካከል ልዩነት አልነበረም። ከዓመታት በኋላ ፈተናውን ባለፉት በ39ኙ ላይ፣ ሂፖካምፐስ የተባለው የማስታወስ ክፍል ከበስተኋላው አድጎ ተገኘ፤ በወደቁት ላይ ግን ይህ አልታየም። ይህም በ2011 ታትሞ ወጣ። ይህ የሚያስረዳን፣ ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው አንጎል እንኳ በትጋት የሚለወጥ መሆኑን ነው።

እንግዲህ ወላጆቻችን ሆይ፣ ልጃችሁ በአንድ ፈተና ቢወድቅ «ከዘራችን የለም» አትበሉት። እናንተም ጓደኞቼ፣ ማንም የራስ ቅላችሁን አይቶ ወይም ጂናችሁን ቈጥሮ የነገ ውጤታችሁን ሊነግራችሁ አይችልም። ዘር ከልጓም ይስብ ይሆናል፤ ሆኖም ፈረሱ የት እንደሚደርስ የሚታወቀው ከተጋለበ በኋላ ነው።